አሜባ ባክቴሪያ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ከደብረ ብርሃን ጠባሴ ነኝ። ባለፈው ሆዴን አሞኝ ሰገራ ሰጥቼ አሜባና ጃርድያ አለብህ ተባልኩ፣ ቤት ገብቼ "ይሄ ባክቴሪያ አልለቅ አለኝ" ስል ልጄ ሳቀችብኝ። "አባዬ እሱ እኮ ፕሮቲስት ነው፣ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ከሚመደቡባቸው ከአምስቱ ትልልቅ ክፍሎች፣ ከአምስቱ ኪንግደም አንዱ" አለች። ምንድነው ነገሩ? እንስሳ ነው ተክል?

መልስ፦ እግዜር ይማርዎት፣ ልጅዎ ልክ ናት። ባክቴሪያ ኒውክለስ (ዲኤንኤውን የሚይዝ የሴል እምብርት) የለውም፣ አሜባ ግን እንደኛው ሴል ኒውክለስ አለው። ታዲያ ኒውክለስ ኖሮት እንስሳም፣ ተክልም፣ ፈንገስም ያልሆነውን ሁሉ ነው ፕሮቲስት የሚሉት። አብዛኛው ባለ አንድ ሴል ነው፣ ሁሉም ግን አይደለም፣ ባህር ውስጥ በአስር ሜትሮች የሚረዝመው ኬልፕ የሚባለው የባህር አረምም እዚሁ ይቆጠራል። እርስዎ የተምታታብዎት ምናልባት በመድኃኒቱ ይሆናል፣ ሜትሮኒዳዞል ለአሜባም ለጃርድያም ለአንዳንድ ባክቴሪያም ይሰጣላ!

ፕሮቲስቶችን ኪንግደም ብሎ የለያቸው ጀርመናዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሄክል ነው፣ በ1866 እ.ኤ.አ.፣ ያኔ ባክቴሪያንም አብሮ ከቶት ነበር። ልጅዎ የምትላቸውን አምስቱን ደግሞ አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ዊታከር በ1969 እ.ኤ.አ. አወጣቸው። በኋላ ዲኤንኤ ሲታይ ነው ጉድ የፈላው፣ ፕሮቲስት አንድ ቤተሰብ አይደለም ለካ፣ ቅጽ ላይ "ሌላ" የምትል ሳጥን አለች አይደል፣ እንደሷ ነው፣ ቦታ ያጣ ሁሉ የተሞላባት። አሁን እርስዎ አሜባና ጃርድያን እንደ መንታ አንድ ላይ ነው የሚጠሯቸው (ሁላችንም እንደዛው ነን)፣ በዝምድና ግን አሜባ ከጃርድያ ይልቅ ለእርስዎ ይቀርባል፣ አልቀለድኩም።

ሸዋ ሮቢት ወርዶ ወባ ይዞት የተመለሰ ሰው ደም ውስጥ ያለው ፕላዝሞዲየምም ፕሮቲስት ነው። እናንተ ጋ ክረምት ላይ ጤነኛ የነበረውን ድንች ቅጠሉን አጥቁሮ በጥቂት ቀን ማሳውን የሚጨርሰው፣ ምች መታው የምትሉት፣ እሱም ከዚሁ ጎራ ነው፣ ስሙ ፋይቶፍቶራ። ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አየርላንድን በረሃብ የፈጃት ይኸው ነው። እንደ ፈንገስ ክር ክር እያለ ስለሚያድግ ድሮ ከፈንገስ ነበር የሚመደበው፣ ግን የሴል ግድግዳው ውስጥ እንደ ተክል ሴሉሎስ አለ፣ ዘመዱ ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ያ ረጅሙ ኬልፕ! እውነተኛው ፈንገስ እንጉዳይ ደግሞ በተራው ከድንቹ ምች ይልቅ ለኛ ይቀርባል።

ብቻ ልጅዎ ፈተና ላይ ይሄን ሁሉ እንዳትዘረዝር፣ "ኪንግደም ፕሮቲስታ" ብላ ትለፈው፣ ማርኩ እዛ ላይ ነው።