የቴሌቪዥን መስመርና ኢንተርኔት፦ «መመለሻው በየት ነው?» (ጥያቄና መልስ)

የጦሳው ቴክኒሻን፦ እንደምን አመሻችሁ። ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ ላይ «በዲሽ ኢንተርኔት እናስገባለን» እያሉ ቀብድ የሚቀበሉ ሰዎች መኖራቸውን ብዙዎቻችሁ ጽፋችሁልኛል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ስለ ዲሽ፣ ስለ ኬብልና ስለ ኢንተርኔት የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የቴሌቪዥን መስመር የተሠራው ወደ ቤት እንዲያመጣ ብቻ ነው፤ ኢንተርኔት ግን ይመጣል፣ ይሄዳል። ማንም ሰው መጥቶ አስገባልሃለሁ ቢላችሁ፣ ብር ከኪሳችሁ ሳይወጣ «መመለሻው በየት ነው?» በሉት።

ሸዋ በር፦ ጋሼ፣ አላህ ይስጥዎት። ጣሪያዬ ላይ ናይልሳት ላይ የተስተካከለ 90 ሳንቲ ዲሽ አለኝ። የሪሲቨሩ ካርቶን «ዋይፋይ» ይላል፣ ትንሽ አንቴናም አብራው መጥታለች። ታዲያ ኢንተርኔቱ ከዲሹ አይወርድም?

የጦሳው ቴክኒሻን፦ አይወርድም። ኤልኤንቢው፣ ማለትም ከዲሹ ፊት የተሰቀለችው መቀበያ፣ ከሳተላይት የመጣውን ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ ያለ ሞገድ ተቀብሎ፣ ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ወዳለው ዝቅ አድርጎ በገመዱ ወደ ሪሲቨሩ ይልካል። ሥራው ይኸው ነው፤ ውስጡ የሚያሰራጭ ነገር የለም። አንተ ስልክህን ነክተህ «ይህን ገጽ አምጣ» ስትል ጥያቄህ ሳተላይቱ ዘንድ የሚደርስበት መንገድ የለውም። የሪሲቨሩ አንቴና ደግሞ ከሞደምህ ወይም ከስልክህ ኢንተርኔት ትወስዳለች እንጂ አትሰጥም። ወሩ ሳይጋመስ ፓኬጅህ የሚያልቅ ከሆነ መጀመሪያ እሷን ጠርጥር።

መመለሻ የሌለው ዲሽ ለኢንተርኔት ያገለገለበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሂዩዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዳይሬክ ፒሲ የሚል አገልግሎት አውጥቶ ነበር። ገጹ በዲሽ ይወርዳል፣ ጥያቄው ግን በስልክ መስመር ይሄዳል። እዚያም ቢሆን መመለሻ ነበረው፤ ስልኩ ነው።

ባቲ ሰኞ፦ ጋሼ፣ የተዘጉ ቻናሎችን የሚከፍተው ሰርቨር የትኛው ይሻላል?

የጦሳው ቴክኒሻን፦ ስለ ሰርቨር አልመልስም። ቀጣይ።

የወልድያ ልጅ፦ አሜሪካ ያለችው እህቴ ኢንተርኔቱ በቴሌቪዥን ገመድ ነው የሚመጣልኝ ትላለች። ገመድ ከሆነ እሱስ እንዴት መመለሻ አገኘ?

የጦሳው ቴክኒሻን፦ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

አሜሪካ ውስጥ የኬብል ቴሌቪዥን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ተራራ የከለላቸው ከተሞች የጣቢያው ሞገድ አልደርስ ሲላቸው፣ ከፍታ ላይ አንድ ትልቅ አንቴና ተክለው በገመድ ለየቤቱ አከፋፈሉ። ገመዱ እንዲህ ቴሌቪዥን ሲያወርድ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1997 በዚያው ገመድ ኢንተርኔት የሚተላለፍበት ዶክሲስ የሚባለው መስፈርት ወጣ። የአንድ ቴሌቪዥን ቻናል ቦታ ለዳታ ተሰጠ፤ በአሜሪካው 6 ሜጋኸርዝ ቻናል በሰከንድ 38 ሜጋቢት ገደማ፣ በአውሮፓው 8 ሜጋኸርዝ ደግሞ 50 ገደማ ይወርዳል። በኋላ ብዙ ቻናሎችን አጣመሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዶክሲስ 3.1 በመስፈርት ደረጃ እስከ 10 ጊጋቢት ያወርዳል።

ማውረዱ ቀላሉ ነው። ያስቸገረው መመለሻው ነው። በየመንገዱ የተሰቀሉት ማጉያዎች ሞገድን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፉ ስለነበር በሁለቱም አቅጣጫ በሚሠሩ መተካት ነበረባቸው። ለመመለሻ የተተወው ቦታ ደግሞ ታች ነው፤ አሜሪካ ከ5 እስከ 42፣ አውሮፓ ከ5 እስከ 65 ሜጋኸርዝ። የሞተሩ፣ የማብሪያ ማጥፊያው፣ የአጭር ሞገድ ሬዲዮው ረብሻ ሁሉ የሚገኘው እዚያው ታች ነው። አንድ ቤት ውስጥ የላላ ኮኔክተር ካለ ረብሻው በዚያ ይገባል። ከየጓሮው የወረደው ጎርፍ ሁሉ ቦርከና ወንዝ ላይ እንደሚገናኝ፣ የሁሉም ቤት ረብሻ ወደ ላይ ሲሄድ ተደምሮ የሰፈሩን ኢንተርኔት ያበላሻል። ለዚህ ነው ድርጅቶቹ ፋይበሩን እየገፉ ወደ ሰፈር ያስጠጉት፣ የመዳብ ገመዱን ያሳጠሩት። እህትህ ማታ ማታ ይዘገይብኛል ካለችህም አትደነቅ፤ መስመሩን ከጎረቤቶቿ ጋር ነው የምትካፈለው።

እኛ ጋ ግን ቴሌቪዥኑ የመጣው በዲሽ ነው። በየሰፈሩ የተዘረጋ የቴሌቪዥን ገመድ ስለሌለን የሚቀየር ነገርም የለንም። ዛሬ እንደ አዲስ የሚዘረጋ ሰው ፋይበር ይዘርጋ። ጂፖን በሚባለው አሠራር አንዱ ፋይበር 2.5 ጊጋቢት ገደማ ያወርዳል፣ 1.25 ገደማ ይመልሳል፤ ማጉያ በየመንገዱ መስቀልም አይፈልግም።

ሐይቅ ዳር፦ ጥሩ ኢንተርኔት የቱ ነው?

የጦሳው ቴክኒሻን፦ ለምን ሥራ? የት ቀበሌ? ስንት ሰው ይጠቀምበታል? ይህን ሳትነግረኝ መልስ የለኝም።

መርሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ የእኔ ዲሽ ትልቁ ነው፣ 1.8 ሜትር። እሱስ ኢንተርኔት አያስገባም?

የጦሳው ቴክኒሻን፦ ሸዋ በር የጠየቀውን አላነበብክም? የዲሹ ስፋት የሚቀበለውን ያጠነክራል እንጂ መመለሻ አይፈጥርም። ከላይ አንብብ።

ወገል ጤና፦ እንደምን አመሹ ጋሼ። እኔ ደላንታ የማስተምር ነኝ። ለትምህርት ቤታችን ሁለቱንም የሚሠራ፣ የሚልክም የሚቀበልም ሳተላይት ቢገባልን ይረባናል? ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው?

የጦሳው ቴክኒሻን፦ መምህር፣ ይረባችኋል፤ የሚረባበትን ግን ለይታችሁ ግቡበት። እንዲህ ያለው ዲሽ ከኤልኤንቢው ሌላ የሚያሰራጭ ክፍል አለው፤ መመለሻው እሱ ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ጥያቄያችሁ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ መልሱ እንደገና ወጥቶ ሲወርድ መንገዱ ብቻ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። መጽሐፍ ለማውረድ፣ ኢሜይል ለመላክ፣ የፈተና ምዝገባ ለመሙላት ምንም አይላችሁም። በቪዲዮ ፊት ለፊት ለመነጋገር ግን ቃላችሁ ከቃላቸው ይጋጫል።

ሁለተኛው ነገር ስፋቱ ነው። 36 ሜጋኸርዝ ያለው አንድ የቴሌቪዥን ትራንስፖንደር፣ ማለትም ሳተላይቱ ላይ ሞገዱን ተቀብሎ መልሶ የሚልከው ክፍል፣ በሰከንድ ከ45 እስከ 70 ሜጋቢት ገደማ ይሸከማል። ለቴሌቪዥን ብዙ ነው፤ ሚሊዮን ሰው ቢያየውም ያው አንድ ምስል ነውና። በኢንተርኔት ግን እያንዳንዱ የየራሱን ስለሚጠይቅ ያችኑ ይከፋፈላታል። ለኢንተርኔት ተብለው የተሠሩ ሳተላይቶች ምድሩን በጠባብ በጠባብ ጨረር ከፍለው ያንኑ ሞገድ ደጋግመው ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የመጠቀው ካሳት 70 ጊጋቢት፣ በ2011 የመጠቀው ቪያሳት 1 ደግሞ 140 ጊጋቢት ያህል አቅም ያገኙት በዚህ ነው። ወደ 550 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብለው የሚዞሩት እንደ ስታርሊንክ ያሉት ደግሞ የመዘግየቱን ችግር ያቃልላሉ።

ሞገድ የሚያሰራጭ መሣሪያ ስለሆነ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ይፈልጋል። በሻንጣ ገብቶ የመጣ ዕቃ አትግዙ። «መመለሻው በየት ነው?» ብላችሁ ስትጨርሱ «ፈቃዱ የታለ?» በሉ።

ኩታበር፦ ድሮስ በፕላዝማ እንማር የለ? ያኔ በየትምህርት ቤቱ ዲሽ ተተክሎ ኢንተርኔት ገብቶ ነበር እኮ።

የወልድያ ልጅ፦ ፕላዝማ ኢንተርኔት አልነበረም ወንድሜ።

ኩታበር፦ በሳተላይት ነው የመጣው፤ ሳተላይት ከሆነ ምን ልዩነት አለው?

የወልድያ ልጅ፦ እኔ ፕላዝማ ፊት የተማርኩ ነኝ። መምህሯ ጥያቄ ጠይቃ መልሱን ራሷ ትሰጥና ታልፋለች። እኛ ርዕሱን ገልብጠን ሳንጨርስ ትሰናበተናለች። ማን ይሰማናል?

ወገል ጤና፦ ልጆቹን ግን አትርሱ፤ ቤተ ሙከራ በሌለበት ኬሚስትሪን በዓይናቸው ያዩት በእሱ ነበር። ጭራሽ አልረባም ማለት ልክ አይደለም።

ኩታበር፦ እኔም ያልኩት ይኸንኑ ነው። ዛሬም ፋይበር የበሽሎን ገደል ተሻግሮ እስኪመጣ ከመጠበቅ ሳተላይቱ ይሻላል።

ኮምቦልቻ በር፦ ሳተላይት ሳተላይት እያላችሁ ፋይበሩ እንዳይመጣ አታድርጉ እንጂ። መንገድ ሲሠራ አብሮ ይቀበር ብላችሁ ጠይቁ።

ኩታበር፦ አንተ አስፋልት ዳር ተቀምጠህ ትናገራለህ! እኛ ጋ መብራቱም ገና ነው።

የጦሳው ቴክኒሻን፦ በቃ፣ ወደ ጉዳያችን። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት የሳተላይት ስርጭት ነበር፣ መመለሻ አልነበረውም። በዚያው ዘመን የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ያገናኘው ወረዳኔት ግን በብዙ ቦታ በሚልክና በሚቀበል ዲሽ ይሠራ ነበር። ሁለቱም ጣሪያ ላይ ዲሽ ነበራቸው፤ ልዩነታቸው ዛሬ ማታ ስደጋግመው ያመሸሁት ነው። ኩታበር፣ መብራት ስለሌለበት ቦታ ያልከው እውነት ነው፤ ሶላሩም አብሮ ይታሰብ።

ሸዋ በር፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ክረምት ላይ ምስሉ የሚቆራረጠው የጦሳ ተራራ ስለሚከልለን ነው?

የጦሳው ቴክኒሻን፦ አይደለም። ከደሴ ናይልሳት በምዕራብ በኩል ከአድማስ 35 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ኢትዮሳት ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ በኩል 66 ዲግሪ ገደማ ነው። ጦሳ ቢከልልህ ኖሮ በጋም ክረምትም አታይም ነበር። የሚያቆራርጥህ ዝናቡ ነው፤ ዲሹም ትንሽ ከዞረ ይብስበታል። በል በበጋው አስተካክለው፣ መሬት የሚገባውን የመብረቅ ሽቦም አትርሳ።

ባቲ ሰኞ፦ ሞደም ስንት ገባ?

የጦሳው ቴክኒሻን፦ ነጋዴ አይደለሁም።

ላሊበላ ማረፊያ፦ ጋሼ፣ 20 ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ኢንተርኔቱ በፋይበር እንግዳ መቀበያው ድረስ ገብቷል። ግድግዳው ድንጋይ ስለሆነ ዋይፋዩ ክፍሎቹ ዘንድ አይደርስም። በየክፍሉ የቴሌቪዥን ገመድ አለ። በእሱ ማሳለፍ ይቻላል ወይስ ግድግዳ ልቦርቡር?

የጦሳው ቴክኒሻን፦ አትቦርቡር! ስንቱ ሆቴል ወሎ ውስጥ ጥሩ ገመድ ግድግዳው ውስጥ ይዞ ሌላ ይቀብራል፤ ሁሌም ያንገበግበኛል። ሞካ የሚባል መሣሪያ አለ። አንዱን ሞደሙ ጋ፣ ሌላውን ክፍሉ ውስጥ በቴሌቪዥኑ ገመድ ላይ ትሰካለህ። ሞካ 2.5 በዚያው 75 ኦም ገመድ ላይ እስከ 2.5 ጊጋቢት ያሳልፋል፣ በሁለቱም አቅጣጫ። መመለሻ ያለው የቴሌቪዥን ገመድ አገራችን ውስጥ ልታገኝ የምትችለው እዚህ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቴሌቪዥኑ በየክፍሉ ሪሲቨር አለው? ወይስ ሪሲቨሮቹ አንድ ክፍል ተደርድረው፣ ቻናሎቹን በአንድ ገመድ ላይ በሚጭነው መሣሪያ፣ በሞዱሌተር ነው የሚከፋፈለው? በየክፍሉ ሪሲቨር ካለ ገመዱ ላይ ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ያለው የዲሹ ሞገድ አለ። ሞካ የሚሠራው ከ1125 እስከ 1675 ስለሆነ ይጋጫሉ፤ ሁለቱንም ታጣለህ። በሞዱሌተር ከሆነ ቻናሎቹ ከ862 ሜጋኸርዝ በታች ስለሚቀመጡ አብረው ይኖራሉ።

ላሊበላ ማረፊያ፦ በሞዱሌተር ነው ጋሼ። መተላለፊያው ላይ አንድ ማጉያ አለ፣ ከዚያ በስፕሊተር ይከፋፈላል።

የጦሳው ቴክኒሻን፦ አብሽር፣ ይሆናል። ሞካ ማጉያውን አያልፍም፤ ስለዚህ የሞደሙን በኩል ከማጉያው በኋላ አስገባው። ስፕሊተሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብብልኝ።

ላሊበላ ማረፊያ፦ «5–1000 ሜጋኸርዝ» ይላል።

የጦሳው ቴክኒሻን፦ እሱን ቀይረው። ከ1000 በላይ ስለማያሳልፍ ሞካው ቢያያዝ እንኳ ይደክማል። ቢያንስ እስከ 1675 የሚያሳልፍ ግዛ፤ «5–2400» የሚል ካገኘህ ይበቃሃል። መጀመሪያ ሁለት መሣሪያ ብቻ ገዝተህ በጣም ሩቅ በሆነው ክፍል ሞክረው። እዚያ ከሠራ የቀሩትን ትገዛለህ፤ አንድ የሞካ መረብ ግን ከ16 መሣሪያ በላይ ስለማይይዝ ለ20ው ክፍል በሙሉ አንድ አንድ አትሰካም። ኮኔክተሮቹን በሙሉ በእጅህ ጠበቅ አድርጋቸው፤ ዝገት ያለበትን ቆርጠህ አዲስ ግጠምለት።