ዳገት ላይ በካርቡራተር ለሚተኩሰው ሃይሉክስ

ከአጋሮ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ያ ባለ ፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳት የሚያስነሳው ትንሹ መገናኛ) የድሮ የቤንዚን ሃይሉክስህ ቡና ጭኖ ዳገት ሲይዝ አቅም ያንሰዋል፣ በካርቡራተር (ቤንዚንና አየር በሚያደባልቀው) በኩል ይተኩሳል፣ ዝናብ ካደረ ጠዋት ላይ ይብስበታል፣ ካንዴላ ቀይረህ ለውጥ የለም፣ አሁን ደግሞ ካርቡራተር ግዛ ብለውሃል። እንዳትገዛ! ቢያንስ ለጊዜው ብርህን ያዝ።

በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) እየተኮሰ ጥቁር ጭስ ቢተፋ ኖሮ ቤንዚን በዝቶበታል እልህ ነበር፣ ጅማ ከፍታዋ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላልና ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል። ያንተ ግን ወደ ላይ ነው የሚተኩሰው። እሱ ወይ እሳቱ (የካንዴላው ብልጭታ) ያለ ሰዓቱ ይመጣል፣ ወይ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ወይ ቫልቭ በደንብ አይዘጋም። ዝናብ ሲነካው መባሱ ደግሞ እኔን በቀጥታ ወደ እሳቱ ነው የሚወስደኝ።

ማታ ጨለማ ቦታ አቁመህ አስነሳውና ኮፈኑን ክፈት፣ ወደ ካንዴላ የሚሄዱት ካቦዎች ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ሲዘል ካየህ ካቦው አልቋል። ከዛ አጥፍተህ የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለውን) ክዳን ንቀልና ውስጡን በባትሪ እያበራህ እይ፣ ከአንዱ መዳብ ወደ ሌላው በእርሳስ የተጫረ የመሰለ ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ በቃ እሱ ነው፣ እርጥበት ሲገባ እሳቱ በዛች መስመር ወደ ቀጣዩ ሲሊንደር ይሻገራል፣ ያ ሲሊንደር ደግሞ ገና የመግቢያ ቫልቩ ስላልተዘጋ ቃጠሎው ወደ ላይ ይወጣል። በጨርቅ መጥረግ አይፈውሰውም፣ ክዳኑን ቀይር። ስትነቅል ካቦዎቹ ላይ ቁጥር ጻፍ፣ እሳት ለሲሊንደሮቹ የሚደርስበት ተራ 1-3-4-2 ነው፣ ስንቱ አቀያይሮ ገጥሞ በገመድ ተጎትቶ መጥቷል።

እግረ መንገድህን የፑንቲናውን ክፍተት ለካ፣ 0.45 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ካሙ (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚዞረው ጉብ ጉብ ያለው ዘንግ) ላይ የሚሄደው ፕላስቲክ ሲበላ ክፍተቱ ይጠባል፣ ሲጠብ እሳቱ ይዘገያል፣ አቅም የሚያጣውም በዚህ ነው። ክፍተቱን ከነካህ ታይሚንጉንም (እሳቱ የሚመጣበትን ሰዓት) እንደገና አስተካክል፣ ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል።

እሳቱ ሰላም ከሆነ እዛው አጋሮ መንገድ ዳገት ላይ ቾኩን (አየር ቀንሶ ቤንዚን የሚያበዛውን) ግማሽ ሳብና ንዳው (የጊቤን ዳገት ወደ አበልቲ ስትወጣ ሙሉ ጭነት ይዘህ እንዳትሞክረው ብቻ)። ከተሻለው ቤንዚን እያነሰው ነው፣ ፊልትሮውን ቀይር፣ የታንከሩን ዝገት እይ፣ የካርቡራተሩ ጋስኬት አየር ይስብ እንደሆነ ፈትሽ። በጀሪካን መንገድ ዳር የምትገዛው ቤንዚን ላምባ የገባበት ሊሆን ስለሚችል ከማደያ ቀድተህ ሞክር። ሞተሩ እየሰራ ፊትህን ካርቡራተሩ አፍ ላይ አትደቅን፣ ቅንድብ ያቃጥላል።

በዚህ ሁሉ ካልተሻለው ቫልቭ ነው፣ የቫልቭ ክፍተቱ ይስተካከል፣ ኮምፕሬሽንም (የየሲሊንደሩ የመጭመቅ አቅም) ይለካ። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) መውረዱ አይቀርም፣ ያኔ ጭነቱን አራግፈህ ጅማ ይዘኸው ና።