ስናፕድራጎን በጣሳ፦ ጥፋቱ የአፈሩ ነው ወይስ የወሩ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ዘመድ ከውጭ የላከልኝን የስናፕድራጎን አበባ ዘር መጋቢት ላይ፣ ከሐይቁ ዳር ያመጣሁትን ጥቁር አፈር ሞልቼ በዘይት ጣሳዎች ዘራሁት። ጥቂቱ ብቻ በቀለ፤ እሱም በአንድ ዘንግ ተመዞ ጫፉ ላይ ትንሽ ካበበ በኋላ፣ ክረምቱ ሲገባ ከቅጠሉ ሥር ቡናማ ዱቄት አውጥቶ ደረቀ። ጥፋቱ የጣሳው ነው ወይስ የአፈሩ? ከጣና የሚነቀለውን እምቦጭስ ለማዳበሪያ ብጠቀምበት ይጎዳል?

መልስ፦ ጣሳውም አፈሩም ድርሻ አላቸው፤ ዋናው ጥፋት ግን የወሩ ነው። ስናፕድራጎን የሜዲትራኒያን አካባቢ ተክል ሲሆን፣ በተፈጥሮው ከአንድ ዓመት በላይ መቆየት ቢችልም የሚለማው ባብዛኛው ለአንድ ወቅት ነው። የሚወደውም ፀሐያማ ቀንና ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ብትገኝም፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚጠጋ ችግኙ ሳይጠነክር ለአበባ ይቸኩላል፤ ከዚያ የተረፈውን ደግሞ የሰኔና የሐምሌ ዝናብ ያገኘዋል። ስለዚህ ዝናቡ መቀነስ ሲጀምር፣ በመስከረም፣ በረንዳ ሥር ይዝሩ፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወደ ዋናው ዕቃ ያዛውሩ፤ አበባውን ከታኅሣሥ ጀምሮ ይጠብቁ።

ጥቂቱ ብቻ የበቀለው አፈር አልብሰውት ይመስለናል። ይህ ዘር ከጤፍ እንኳ የደቀቀ ነው፤ ለመብቀልም ብርሃን ይፈልጋል። ከደረቅና ደቃቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለው እርጥብ አፈር ላይ ይበትኑት፤ በመዳፍዎ ጫን ያድርጉት እንጂ አይሸፍኑት። ከላይ የሚፈስ ውኃ ዘሩን ጠርጎ ስለሚወስደው፣ ሥሩ የተበሳውን ጣሳ ጥቂት ውኃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው ከታች እንዲምግ ማድረግ ይሻላል። ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይበቅላል።

ችግኙ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲደርስ፣ ሦስት ወይም አራት ጥንድ ቅጠል አስቀርተው ጫፉን ይቀንጥሱት። ለጀማሪ እጅ አይታዘዝም፤ አበባውም ጥቂት ሳምንታት ይዘገያል፤ ነገር ግን ቅርንጫፍ ያበዛል። ዘር ሲመርጡ ደግሞ ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚያድገውን አጭሩን ዓይነት ይውሰዱ፤ ረጅሙ ወደ አንድ ሜትር ስለሚጠጋ ያለ ድጋፍ የሐይቁን ነፋስ አይችለውም።

ጣሳው ለችግኝ ማፍያ ይበቃል፤ ለማሳደጊያ ግን ሥሩ የተበሳ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ይሻላል፣ ሦስት ወይም አራት ችግኝም ይይዛል። ጥቁሩ አፈር ሲረጥብ ስለሚጠቀጠቅ፣ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስትና አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ ቀላቅለው ይሙሉ። ዩሪያ አይጨምሩ፤ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥዎትም።

ቡናማው ዱቄት ዋግ ነው። ከስንዴ ዋግ ጋር ቢዛመድም ወደ ስንዴ አይተላለፍምና የጎረቤት ማሳ አያሳስብዎት። በሽታው የሚይዘው ቅጠሉ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ግንዱ ሥር ብቻ ያጠጡ፣ በችግኞቹ መካከል 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉ፣ ክፉኛ የተያዘውን ነቅለው ያቃጥሉ። የጠወለገውን የአበባ ዘንግ ከቅጠል በላይ ቢቆርጡት እንደገና ያብባል።

እምቦጭ በሚገባ ከበሰበሰ ጥሩ ማዳበሪያ ይወጣዋል። ይሁን እንጂ ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ስለሆነ፣ አንድ ጋሪ ሙሉ ቢያስመጡ የሚተርፍዎት ጥቂት ነው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ ሳያብብ የተነቀለውን ብቻ ይውሰዱ፤ የሚከምሩትም ጎርፍ ከማይደርስበት ቦታ ይሁን፤ የተረፈውንም ወደ ሐይቁ በሚወርድ ቦይ ፈጽሞ አይጣሉ።