ኬሞ ላይ ላለች እናት ሳቅ መቼ ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ እናቴ ለጡት ካንሰር በየ21 ቀኑ አዲስ አበባ እየሄደች ኬሞ ትወስዳለች። ወንድሜ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ሲያስቃት ፊቷ ይፈካል። አንዳንድ ዘመድ «በሽተኛ ፊት ሳቅ ነውር ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ሳቅ ካንሰርን ይገድላል» ይለናል። የቱ ነው ልክ? እቤት እንዴት እናድርገው?
ልጅ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህታችን፣ ሳቅ ዕጢ አያጠፋም፤ ኬሞውንም አይተካም። የሚጠቅመው ጭንቀት ለማላላትና ድካምና ሕመምን ለጊዜው ለማስረሳት ነው። የሚቀጥለው ኬሞ ሲቃረብ ገና መድኃኒቱ ሳይገባ ለሚያቅለሸልሻቸው ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነውርም የለበትም። ነውሩ እሳቸው ሳይፈልጉ «ሳቂ እንጂ!» ብሎ ማስጨነቅ ነው።

ቀኑን ምረጡ። ኬሞ በወሰዱበት ዕለትና በተከታዮቹ ሁለት ሦስት ቀናት ማቅለሽለሹ ስለሚበረታ ዝም ብሎ አጠገባቸው መቀመጥ ይሻላል። ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ይወርዳል። ሳቅ ትንፋሽን አርቆ ስለሚረጭ፣ ያን ሰሞን ጉንፋን ወይም ሳል የያዘው ጠያቂ አይግባ፤ ጤነኛም ቢሆን ሁለት ሦስት ሰው ይበቃል። ሙቀታቸው 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዷቸው። ለጨዋታ የሚመቸው ሦስተኛው ሳምንት ነው።

ከበሉ ቢያንስ 1 ሰዓት ይለፍ። ቡና ሲቆላ የሚወጣው ጢስና ዕጣን ኬሞ ላይ ያለን ሰው ቶሎ ያስመልሳል፤ ቡናው ሌላ ቤት ይፈላ። እናትሽ መደገፊያ ባለው ወንበር ይቀመጡ። 4 እስኪቆጠር በአፍንጫ አየር ያስገቡ፣ 6 እስኪቆጠር በአፍ ያስወጡ፤ ይህን 3 ጊዜ። ከዚያ ከወንድምሽ ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ «ሃ ሃ ሃ» ይበሉ። ሲጀመር የውሸት ነው፤ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠም ግን ብዙ ጊዜ እውነተኛው ሳቅ ይመጣል። ሁለቴ በረጅሙ ተንፍሰው ይድገሙት። መጀመሪያ 5 ደቂቃ፣ ሲለምዱት 10። ሕንዳዊው ሐኪም ማዳን ካታሪያ እ.ኤ.አ. በ1995 ሙምባይ ላይ የጀመሩት የሳቅ ዮጋ መሠረቱ ይኸው ነው።

ቆመው ግን አይሳቁ። ኬሞ ደም ያሳንሳል፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ ደም ያነሰው ሰው ትንፋሹ እስኪቆረጥ ከሳቀ ራሱን ያዞረዋል። ብርዱም አለ። ኦክሳሊፕላቲን የሚባለውን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች፣ በብዛት የአንጀት ካንሰር ታማሚዎች፣ ቀዝቃዛ አየር ሲስቡ ጉሮሯቸው የተዘጋ ያህል ይሰማቸዋል። እነሱ አንገታቸውን ሸፍነው ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ይጫወቱ።

ጭብጨባ ብዙዎች ይጨምሩበታል። ጣት የሚያደነዝዝ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ፓክሊታክሰል፣ የሚወስዱ ከሆነ ይቅር። መድኃኒት እየገባላቸው ሳለ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም፤ መርፌው ከደም ሥሩ ከወጣ አንዳንዱ ኬሞ ሥጋ ያቃጥላል።

አፋቸው ከቆሰለ ፈገግታ ይበቃል። በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ (ቤኪንግ ፓውደር አይደለም!) በጥብጡና በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ተጉመጥምጠው ይትፉት። በቅርቡ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው፣ ካንሰሩ ወደ ጎድን ወይም ጀርባ አጥንት የተሠራጨባቸው፣ ፕላትሌታቸው (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) የወረደባቸው፣ የደም ግፊታቸው አልስተካከል ያለባቸው ግን አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አንዳንዴ እየሳቀች ድንገት ታለቅሳለች። እናቁም?

መልስ፦ ጨዋታውን ለዚያ ቀን አቁሙ፤ ልቅሶውን ግን አታስቁሙ። «አይዞሽ፣ አታልቅሺ» ከማለት እጃቸውን ይዞ መስማት ይሻላል። ሐዘኑ ከ2 ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ እንቅልፍ ካጡ ወይም ኬሞውን «ይቅርብኝ» ካሉ፣ ቀጣዩን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ለሐኪማቸው ንገሩ።