መልስ፦ የሊትሪም ባዶ ቤቶች ሁሉ የረሃቡ ዘመን ናቸው?

አይደሉም። በአየርላንዷ ሊትሪም አውራጃ ካዩአቸው ጣሪያ አልባ የድንጋይ ቤቶች ብዙዎቹ የተለቀቁት ከታላቁ ረሃብ በኋላ ነው።

ቁጥሩን ይመልከቱ፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1841 ሊትሪም 155 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራት። ከ1845 ጀምሮ ድንቹ በበሽታ ሲበሰብስ፣ በሞትና በስደት ተመናምና በ1851 ወደ 112 ሺህ ወረደች። ረሃቡ ካለፈ በኋላም ቁልቁለቱ አልቆመም፤ በ1996 የቀሩት 25 ሺህ ብቻ ነበሩ።

ምክንያቱ ከእግርዎ ሥር ነው። አፈሩ ውሃ የማያሰርግ ከባድ ሸክላ ነው፤ በዘነበ ቁጥር መስኩ ረግረግ ይሆናል። ጥቂት ላሞች የሚግጡበት ጠባብ ይዞታ ለአንድ ወራሽ እንጂ ለሰባት ልጆች አይበቃም። የተቀሩት ወደ እንግሊዝና አሜሪካ አቀኑ። ዛሬ ሕዝቡ አገግሞ 35 ሺህ ደርሷል። በባዶው መሬት ላይ በገፍ የሚተከለው ባዕድ ጥድ ግን፣ ለእኔ ሌላ ዓይነት መፈናቀል ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የፈረሰ ቤት ባዩ ቁጥር ዘመኑን በግምት አይወስኑ። በ1840ዎቹ እጅግ ድሃ የሆኑት የሚኖሩት ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ጎጆ ውስጥ ነበር፤ ጎጆው ከነሰዎቹ ጠፍቷል። ግድግዳው ላይ የሲሚንቶ ልስን፣ ወለሉ ላይ የዛገ ቆርቆሮ ካገኙ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመንም እዚያ እሳት ሳይነድ አልቀረም። ከመግባትዎ በፊት አጠገቡ ያለውን ገበሬ ያስፈቅዱ፤ ማን መጨረሻ ወጥቶ በሩን እንደዘጋ ሳይቀር ሊነግርዎት ይችላል።