ድርሻዬን መጠየቄ ገንዘብን መውደድ ነውን?

ጥያቄ፦ አባታችን ካረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ እናታችን ቀደም ብላ አርፋለች። አዲስ አበባ ያለውን ቤታቸውን ታላቅ ወንድሜ ይዞታል፤ ዋናው ቤት ውስጥ ይኖራል፣ ሰርቪሶቹን ያከራያል፣ ኪራዩንም ለብቻው ይወስዳል። እኔና እህቴ ድርሻችንን ስንጠይቀው፣ «ክርስቲያን ብትሆኑ ኖሮ ስለ ሀብት አትጨቃጨቁም ነበር» ይለናል። ንግግሩ ያናድደኛል። ሆኖም እውነቱን ለመናገር፣ ማታ ማታ ደላላ የነገረኝን የቤቱን ዋጋ ለሦስት ሳካፍል እንቅልፍ አጣለሁ። ገንዘብ ወዳድ ሆኜ ይሆን?

መልስ፦ እህታችን፣ ከጥያቄዎ ቀላሉ የድርሻው ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሟችን ልጆች ታላቅ ታናሽ፣ ወንድ ሴት ሳይል እኩል ያወርሳል፤ አባትዎ በኑዛዜ ሌላ ነገር ካልወሰኑ በቀር ድርሻዎ የራስዎ ነው፣ የራስን መጠየቅም ገንዘብን መውደድ አይባልም።

የእርስዎን የሚመስል ጉዳይ ጌታ ፊት ቀርቦ ነበር። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ከሕዝቡ አንዱ፣ ወንድሙ ርስቱን እንዲያካፍለው ይነግርለት ዘንድ ለመነው። ጌታ ጥያቄህ ሐሰት ነው አላለውም፤ አካፋይ መሆንን ግን አልተቀበለም፤ ቀጥሎም ከመጎምጀት ሁሉ ተጠበቁ ሲል የተናገረው ለጠያቂው ብቻ ሳይሆን በዚያ ለቆሙት ሁሉ ነው። የተከተለው ምሳሌም የሚተርከው ድርሻ ስለተነፈገ ሰው ሳይሆን፣ ጎተራው ስለ ጠበበውና ስለ እህሉ ከራሱ በቀር ከማንም ጋር ስላልመከረ ባለጠጋ ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ቤቱን ለያዙት ለወንድምዎ ይብሳል እንጂ አያንስም።

ወንድምዎ እንዲህ የሚሉት 1ኛ ቆሮንቶስ 6፥7ን አስታውሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ጳውሎስ በዚያ ከመካሰስ ይልቅ ብትበደሉ አይሻልምን ይላል። የሚያሳዝነው ይህን ቁጥር የሚወዱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ቁጥር 8 ላይ ሳይደርሱ መጽሐፉን ማጠፋቸው ነው፤ በዚያ የሚገሠጹት የገዛ ወንድሞቻቸውን የሚበድሉት ናቸውና። ተበዳይ መብቱን በፈቃዱ ሊተው ይችላል፤ በዳይ ግን ተዪ ብሎ ሊያዝዝ አይገባውም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የማታው ስሌት ነው። በ1ኛ ጢሞቴዎስ 6፥9 በፈተናና በወጥመድ ይወድቃሉ የተባሉት ባለጠጎች ሳይሆኑ ባለጠጋ ሊሆኑ የሚፈልጉ ናቸው፤ እንግዲህ ገና እጅዎ ያልገባ ቤትም ልብዎን ሊይዘው ይችላል። ደላላው በደወለ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ዋጋው በጨመረ ቁጥር ወንድምዎ የወሰዱብዎ የሚመስልዎ ገንዘብ ይበዛል፣ ቂሙም አብሮ ይከብዳል፤ ቤቱ ግን ያው ቤት ነው። ስለዚህ ሽማግሌ እስኪቀመጥ ድረስ ዋጋ አይጠይቁ። ድርሻዎ ሲደርስዎ ለምን እንደሚውል፣ ዕዳም ይሁን የልጆች ትምህርት ወይም አሥራት፣ ከወዲሁ ጽፈው ያስቀምጡ። ወንድምዎ ቤቱን ሳይሸጡ ድርሻችሁን ቀስ በቀስ ልክፈል ቢሉ፣ የጻፉት ጉዳይ የማያስቸኩል ሆኖ ሳለ እሺ ማለት ከከበደዎት፣ ያን ጊዜ የፈሩት ነገር በእርግጥ አለ።

ጳውሎስ በዚያው በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6 በወንድማማች መካከል ሊፈርድ የሚችል አስተዋይ ከመካከላችሁ የለምን ብሎ ይጠይቃልና፣ አስቀድመው የንስሐ አባትዎን ወይም የቤተ ክርስቲያንዎን ሽማግሌዎች ያስቀምጡ። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ የሁለቱ ዓመት ኪራይም ሒሳብ ውስጥ ይግባ፣ ይህን ለማንሣት አይፈሩ። የውርስ አቤቱታ የጊዜ ገደብ ስላለው የሕግ ባለሙያም ሳይዘገዩ ያማክሩ። ወንድምዎ ሽማግሌ አልሰማም ካሉ ፍርድ ቤት መሄድዎን ኃጢአት ነው ብዬ አልከለክልዎትም፤ ብቻ ክሱን ከመክፈትዎ በፊት ከእህትዎ ጋር ይምከሩ፣ ወንድምዎም ከጎረቤት ሳይሆን ከራስዎ አፍ ይስሙት።