ቀጠሮው ለተላለፈበት ሕመምተኛ የምትሰጡት መልስ

በጅማ የጤና ትምህርታችሁን አጠናቅቃችሁ ወደ ሥራ ለምትሰማሩ ልጆቼ፤

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ ጊዜ አብዛኞቻችሁ ገና ተማሪዎች ነበራችሁ። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሕዝብ ትራንስፖርትም በግማሽ እንዲጭን በመደረጉ፣ ከሰቃ ጨቆርሳ ወይም ከዴዶ ለክትትል የሚመጣ ገበሬ ብዙ ከፍሎ ከደረሰ በኋላ «ለጊዜው አስቸኳይ ብቻ ነው የምናየው» ተብሎ ከበር ይመለስ ነበር። እኔ በምሠራበት የክትትል ክፍል ደጃፍ የሰማሁት ቁጣ ተገቢ ቁጣ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አገልግሎት መቀነሱን አልቃወምም፤ ጭምብልና ጓንት ባልበቃበት ሰዓት የተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል ለሕመምተኛውም ለባለሙያውም አደጋ ነው። ዛሬም የማልቀበለው፣ ሰውዬው ስሙና ስልኩ ሳይመዘገብ፣ ተለዋጭ ቀንም ሳይሰጠው መመለሱን ነው። የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ስሜት የለውም፤ መድኃኒቱ ያለቀበት ሰው ደኅና ነኝ ብሎ ይቀመጥና ሕመሙን የሚያውቀው አንድ ጎኑ አልታዘዝ ሲለው ሊሆን ይችላል። በጅማ ዙሪያ በወባ ወቅት ደግሞ ሌላ ችግር ነበር፤ ትኩሳት የያዘው ሰው ወደ ለይቶ ማቆያ እወሰዳለሁ ብሎ ስለሚፈራ፣ በቀላሉ የሚታከመውን ወባ ይዞ ቤቱ ይተኛል።

ይህ በእኛ አልተጀመረም። ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. በምዕራብ አፍሪካ ኢቦላ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ጤና ተቋማት በመዳከማቸው በወባ፣ በሳንባ ነቀርሳና በኤችአይቪ የተጨመረው ሞት ከዚያ ጋር የሚቀራረብ እንደሆነ ተመራማሪዎች ገምተዋል። ሆኖም ማዘግየት ማቋረጥ እንዳልሆነ በአገራችን አይተናል፤ ለሚያዝያ 2012 ታስቦ የተላለፈው የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናትን ለመድረስ አቅዶ በሰኔ መጨረሻ፣ ርቀትና ጭምብል እየተጠበቀ ተጀምሯል።

ስለዚህ የክትትል መዝገባችሁን ከወረርሽኝ በፊት አስተካክሉ። የሕመምተኛው ስልክ ብቻ አይበቃም፤ የልጁን ወይም የጎረቤቱን ጨምሩ፤ በገጠር ስልኩ የሚሞላው ገበያ ቀን እንደሆነ አትርሱ። ሁኔታው የተረጋጋለትን ሕመምተኛ በየወሩ ከማመላለስ፣ በኤችአይቪ ሕክምና እንደተለመደው የበርካታ ወራት መድኃኒት እንዲሰጠው ጠይቁ። ከቀጠሮው የቀረው ማን እንደሆነ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አሳውቁ፤ ቤቱን ከእናንተ ይልቅ እርሷ ታውቀዋለች። ክትባት ያለፈበት ሕፃን ሲመጣላችሁም እናቱን አትቆጧት፤ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያው አይጀመርለትም፤ ይህን ባለማወቅ ደግማ ሳትመጣ የቀረች እናት ጥቂት አይደለችም።

የተናደደው ሰው ፊታችሁ ሲቆም መመሪያ አታንብቡለት። አረፍ ይበልና መጨረሻ መድኃኒቱን የዋጠው መቼ እንደሆነ ጠይቁት፤ የደም ግፊቱንም እዚያው ለኩለት።